ክቡራንን ለጫነ መኪና የሚበቃ የፈረስ ጉልበት

አንድ መኪና ከቆመበት ተነሥቶ አራት መቶ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ መንገድ በፍጥነት ለመጨረስ ስንት የፈረስ ጉልበት ያስፈልገዋል የሚለው ጥያቄ፣ በአንድ ወቅት በቢቸና ከተማ ከሁሉ የሚቀድም ጥያቄ ሆኖ ነበር። ከተማዋ በዚያን ጊዜ የቧንቧ ውኃ አልነበራትም፤ ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድም ክረምት ሲገባ ተዘግቶ መስከረም እስኪጠባ ማንንም አያሳልፍም ነበር። እነዚህ ግን ዕለት ተዕለት የሚታዩ ተራ ጉዳዮች በመሆናቸው የከተማዋ አዋቂዎች አእምሯቸውን አላደከሙባቸውም። መኪና የሚሮጥበት መንገድ ሳይኖር መኪና ምን ያህል ሊሮጥ እንደሚችል መመርመር ከፍ ያለ ዕውቀት ይጠይቃልና፣ እነርሱ የመረጡት ከፍ ያለውን ነው።

ዘመኑ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወደ ማብቂያው የተቃረበበት ነው፤ መቃረቡን ግን ቢቸና ውስጥ የነገረን ሰው አልነበረም። እኔ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ሦስተኛ ዓመት ጨርሼ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላክሁ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርሁ። የፊዚክስ አስተማሪው ሴት መሆኗ መጀመሪያ ሰሞን ከተማውን አሳስቦት ነበር፤ ኋላ ግን ሰዉ በሁለት ነገር ተጽናና። አንደኛ፣ ድምፄ ዝቅ ያለ ነው፤ ሁለተኛ፣ ዓመቱ ሲያልቅ እሄዳለሁ።

የምኖረው ከአንዲት ባልቴት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። እትዬ እላቸው ነበር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከግቢያቸው በር አልፎ የሚያደርሳቸው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ በእርጋታዋ ከብዙ ባለሥልጣን የምትሻል አንዲት ዳማ በቅሎ። በዚያ ዓመት ደግሞ ያችን በቅሎ ከምንጊዜውም ይልቅ ይሿት ነበር። አንድያ ሴት ልጃቸው የተዳረችው ወደ አባይ በረሃ አፋፍ፣ ሸበል ነው፤ በዚያን ጊዜ መኪና በወሬ ብቻ የሚታወቅበት አገር። ልጅቱ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ሳይደርሱላት ወልዳ፣ ሕፃኑ ሳይሰነብት ሞቶባታል። አሁን እንደገና ወሯ ገብቶ ነበር። እትዬ ጥምቀት እንዳለፈ በበቅሏቸው ሄደው አጠገቧ ሊሆኑ ቃላቸውን ልከውላታል። ከዚህ ሌላ ሐሳብም፣ ከዚህ ሌላ ጸሎትም አልነበራቸውም።

የእትዬ ታናሽ ወንድም ነገረ ፈጅ ነበሩ፤ ችሎት ሲከፈት ስለ ሌላ ሰው፣ ችሎት ሲዘጋ ስለ ራሳቸው የሚናገሩ። በቀድሞው የዳኝነት ሥርዓት ተከራካሪ ቃሉን ለማጽናት ውርርድ ያገባ ነበር። «እንዲህ ባይሆን ማር ላግባ፤ በቅሎ ላግባ» ይልና፣ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ያስያዘውን ይከፍላል። አዲሱ ሕግ ይህን ልማድ ሽሮታል። ሕጉ ለፍርድ ቤቱ ደርሶታል፤ ለነገረ ፈጁ ምላስ ግን አልደረሰም። ስለ ዝናብ፣ ስለ በግ ሥጋ፣ ስለ ቅዳሴ ርዝመት ሲከራከሩ ሳይቀር በቅሎ ያገቡ ነበር። ዘመኑ ተለውጦ የሚቀበላቸው ሰው ስላልተገኘ፣ ብዙ በቅሎ አግብተው አንድም ሳይከፍሉ ለብዙ ዓመት ኖረዋል።

ነገሩን ያስጀመረው ከእኔ በፊት የነበረው ፈረንጅ አስተማሪ ትቶት የሄደ የመኪና መጽሔት ነው። ነገረ ፈጁ እኅታቸውን ሊጠይቁ መጥተው ከመስኮቴ ደፍ ላይ አዩት። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው የሚያሳይ ሥዕል ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይህ ምንድን ነው፣ አስተማሪ?»

«ውድድር ነው።»

«ወዴት ሊሄዱ?»

«ወዴትም። አራት መቶ ሜትር ያህል ቀጥ ብለው ይሮጡና ያበቃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ይመለሳሉ።»

ነገረ ፈጁ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙ አቧራ አስነሥቶ የትም ሳይደርሱ መመለስ ከሙያቸው ጋር የተቀራረበ ሳይመስላቸው አልቀረም። መጽሔቱን ተውሰው ሄዱ።

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። በገበያ ቀን ከሞጣ እህልና ቅቤ ሊገዛ የሚመጣ አንድ ነጋዴ ነበር፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ቀጠን ያለ፣ ፒክአፑን ራሱ የሚነዳ ሰው። ነገረ ፈጁ መጽሔቱን ይዘው እርሱ ካለበት ጠጅ ቤት ገቡ። እዚያ ምን እንደተባለ በጆሮዬ አልሰማሁም፤ ውጤቱን ግን ሰማሁ። ነገረ ፈጁ በነጋታው ማለዳ የግቢያችንን በር ከፍተው ገቡ። እትዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይባዝቱ ነበር።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው በማለዳ? ዛሬ የምትናገርለት ሰው አጣህ እንዴ?»

«የከተማችን ክብር ተነክቶ ነው። የሞጣው ነጋዴ ‹ፒክአፔ የናንተን ላንድሮቨር ይቀድማል› ብሎ በሰው ፊት ተናገረ። እኔም ዝም ብዬ አልሰማሁትም። በቅሎ አገባሁ።»

እትዬ ጥጡን ከጭናቸው ላይ አነሡት። «የማንን በቅሎ?»

«እንግዲህ በቤታችን ስንት በቅሎ አለ?»

«በቤታችን አይደለም። በቤቴ ነው። አንተ ፈረስ አለህ።»

«ፈረሱማ የጥምቀት ፈረስ ነው፣ እትዬ። ጉግስ የሚወጣበት ነው። እንዴት ይወራረዱበታል?»

«እርሱ ሲሸነፍ ያሳዝንሃል?»

«ያሳዝነኛል» አሉ ነገረ ፈጁ፤ በዚያ ጧት የተናገሩት እውነት ይህ ብቻ ነበር።

«ያ ነጋዴ ‹የምር በቅሎ አግባ› ሲልህ ‹እሺ› አልኸው?»

«ዋስ ጠራሁ። ፊታውራሪ ዋስ ሆነውኛል።»

ፊታውራሪ በከተማዋ ከሁሉ በላይ የሚከበሩ፣ ጠብመንጃና ካባ ሳይኖራቸው ማንም አይቷቸው የማያውቅ አዛውንት ነበሩ። እርሳቸው ዋስ ከሆኑ በኋላ ‹በቅሎዋ የእኔ ናት› ብሎ መናገር ዋሱን ማዋረድ ይሆናል። እትዬ ይህን አውቀው ክርክሩን ተዉት። ወደ እኔም ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ላንድሮቨር ይቀድማል?»

አንዲት ሴት ለልጇ ምጥ መድረስ አለመድረሷ በመኪና ሞተር ላይ እንደሚንጠለጠል ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም ነበር። ስሌቱን ግን አስተምሮኛል።

«ልመርምረው፣ እትዬ» አልሁ።

ላንድሮቨሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ነበር። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ መኪናው ከሥራ ይልቅ ለተስካርና ለሠርግ ይውል ስለነበር፣ ብናገርም ሠራተኞቹ ራሳቸው አያምኑኝም። ሾፌሩ ደጀን ተወልዶ ያደገ፣ ልጅነቱን በአባይ ጠመዝማዛ ላይ የሚወጡ የጭነት መኪኖችን ድምፅ ሲለይ ያሳለፈ ጎልማሳ ነው። መኪናው ሰባ ሰባት የፈረስ ጉልበት እንዳለውና ሾፌሩን ጨምሮ ባዶውን ዐሥራ አራት ኩንታል እንደሚመዝን ነገረኝ። የነጋዴው ፒክአፕ ደግሞ ኀምሳ አምስት የፈረስ ጉልበትና ዐሥራ አንድ ኩንታል ነበር።

ነገረ ፈጁ አንድ ነገር ሲፈልጉ ‹እርስዎ› ይሉኝ ነበር፤ ካልፈለጉ ‹አንቺ ልጅ›። በዚያ ቀን ‹እርስዎ› ነበርሁ።

«እርስዎ የተማሩ ነዎት። ሰባ ሰባት ፈረስና ኀምሳ አምስት ፈረስ ቢሽቀዳደሙ ማን ይቀድማል?»

«የፈረሱ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፣ ጋሼ። እያንዳንዱ ፈረስ የሚደርሰው ጭነት ነው የሚወስነው። የላንድሮቨሩ አንድ ፈረስ ዐሥራ ስምንት ኪሎ ይደርሰዋል፤ የፒክአፑ አንድ ፈረስ ሃያ ኪሎ።»

«ስለዚህ እንቀድማለን።»

«በትንሹ።»

«ሃያ ሁለት ፈረስ ትርፍ ይዘን በትንሹ?»

የሚቀጥለውን የነገርኋቸው በእውነት ቀስ ብዬ ነው። ከቆመበት ተነሥቶ አጭር መንገድ የሚሮጥ መኪና የፈረስ ጉልበቱ እጥፍ ቢሆን ጊዜው በግማሽ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ጊዜውን በግማሽ ማሳጠር የሚፈልግ ሰው ስምንት እጥፍ ጉልበት መግዛት አለበት። ጉልበት በብዙ ይከፈላል፤ ፍጥነት በጥቂቱ ይሰጣል። ነገረ ፈጁ እየሰሙኝ ፊታቸው ጠቆረ።

«ይህ ግፍ ነው። ይግባኝ የለውም?»

«የለውም።»

«ማን ነው የወሰነው?»

«ተፈጥሮ ናት።»

«በሌለንበት የተሰጠ ውሳኔ ነው» አሉና ጥቂት አሰቡ። «ይሁን፤ በትንሹም ይቅደም እንጂ።»

«ሾፌሩ ብቻውን ከሆነ ይቀድማል። ስኮርታው፣ ትርፍ ጎማው፣ ይውረድ፤ የኋላ ወንበሮቹ ይውጡ፤ የነዳጅ ጀሪካኑም ይቅር። አንድ ሰው እንኳ ይዞ ከሄደ አልፈርምበትም።»

«ባዶውን፤ ገባኝ» አሉ። ሾፌሩም «ባዶውን» አለ። ለእትዬም ማታ «ባዶውን ከሄደ ይቀድማል» ብዬ ነገርኋቸው። እትዬ ጥጣቸውን እየባዘቱ ሰሙኝና፣ «ፊታውራሪ ቆመው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከስሌቱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ስላልታየኝ «አዎን፤ ቆመው ይመለከታሉ» አልኋቸው።

ውድድሩ የተቆረጠው ለቃና ዘገሊላ ማግሥት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ጉግስ የሚጋለብበት ሜዳ አለ፤ ከአንድ ዋርካ ሥር ተነሥቶ እስከ አንድ ምንጭ ድረስ እንደ ምጣድ የተስተካከለ። ርቀቱን በገመድ የለካሁት እኔ ነኝ። ስለ ልኬቴ ያኔም ዛሬም አልደራደርም። ለማሸነፊያው መስመር ዳኛ ሆኜም ተሠይሜ ነበር፤ ሴት መሆኔን የተቃወመ አልነበረም፣ ምክንያቱም ዳኛው የሚቆመው ከሕዝቡ ርቆ አቧራው ከሚያርፍበት ስፍራ ነው።

የሞጣው ነጋዴ አስቀድሞ ደረሰ። ስኮርታውን አውርዶታል፤ የኋላውን ሳንቃ ፈትቶታል፤ ከጎኑ የነበረውን ወንበር ሳይቀር ነቅሎ ከቤቱ ትቶታል። ባየሁት ጊዜ ሥርዓት የገባው ሰው መሆኑ አሳሰበኝ።

«ከሞጣ ብቻዎን መጡ?» አልሁት።

«ከነጋዴ ጋር ማን ይጫናል፣ እህቴ? መኪና ከገዛሁ ጀምሮ አንድ ባለ ማዕረግ ‹አሳፍረኝ› ብሎኝ አያውቅም። ጤፉ ነው የሚከብደኝ እንጂ ክብር ከብዶኝ አያውቅም።»

ላንድሮቨሩም መጣ። ለእውነት እመሰክራለሁ፣ ሾፌሩ የተባለውን ሁሉ አድርጎ ነበር። ስኮርታ የለም፤ ጀሪካን የለም፤ የኋላ ወንበር የለም። ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራው ከፍ ብሎ እንደ ጾመ ሰው ቀሎት ቆሟል። በዚያች ቅጽበት ውድድሩ ቢጀመር ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አልነበረም።

ነገር ግን ፊታውራሪ በሜዳው ዳር ቆመው ነበር። ባዶ የመንግሥት መኪና ደግሞ ከፊታቸው ቆሟል። በዚያ አገር ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ሊቆዩ አይችሉም። ፊታውራሪ ማንንም ሳይጠይቁ ወደ ጋቢናው ሄዱ፤ አሽከራቸው በሩን ከፈተ።

«ፊታውራሪ፣ ለዛሬ እንኳ…» አለ ሾፌሩ።

«ለዛሬ ምን?»

«ለዛሬ… እንኳን አደረስዎ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን» ብለው ተሳፈሩ። አሽከራቸው ጠብመንጃቸውን የሚይዝ ስለሆነ ከኋላ ተጫነ። ፊታውራሪ ከተሳፈሩ ቀኛዝማች ቆመው ሊቀሩ አይችሉም፤ ‹ሳይጠሩ ቀሩ› ይባላልና ከነአሽከራቸው ገቡ። የደብሩ አለቃ ቀኛዝማች ገብተው እርሳቸው ቢቀሩ ቤተ ክርስቲያን ተናቀች ስለሚባል ከነጥላቸው ገቡ። የመሥሪያ ቤቱ ሹም የራሳቸው መኪና ሲሄድ በእግር ሊቆሙ አልወደዱም፤ እርሳቸውም ጸሐፊያቸውን አስከትለው ገቡ። ስለ ጸሐፊው አስፈላጊነት የጠየቀ አልነበረም። ወንበር ስለሌለ ወለሉ ላይ ጋቢ ተነጠፈላቸው። በመጨረሻ ነገረ ፈጁ ራሳቸው እግራቸውን ሲያነሡ ከመስመሬ ተነሥቼ ደረስሁባቸው።

«ጋሼ፣ ባዶውን ብለን ነበር።»

«የነገሩ ባለቤት እኔ ሆኜ እኔ ልቅር?»

«ሁላቸውም ይውረዱ። እባክዎ፣ ይንገሯቸው።»

«አንቺ ልጅ፣ ፊታውራሪን ‹ውረዱ› የሚል ምላስ ያለው ሰው ቢቸና ገና አልተወለደም።»

‹አንቺ ልጅ› ሆኜ ነበር፤ ስለዚህ አጭር አደረግሁት። «ስድስት ኩንታል ተኩል ጨምራችኋል። ይህን ጭናችሁ ለመቅደም ሌላ ሃያ ስድስት የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋችኋል። ፊታውራሪ ብቻቸውን ከነካባቸው አምስት ፈረስ ያህል ይፈልጋሉ።»

«አምስት ፈረስ ይገባቸዋል» አሉ ነገረ ፈጁ በሙሉ ልብ። «እንዲያውም ያንሳቸዋል።»

«የሉማ፣ ጋሼ። ፈረሶቹ የሉም። የእትዬ በቅሎስ?»

ነገረ ፈጁ ወደ መኪናው ውስጥ አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ። እንደማይቀድሙ ያወቁ ይመስለኛል። ነገር ግን ከውስጥ ቀኛዝማች «ምን ትላለች?» ብለው ጠየቁ፤ እርሳቸውም «መልካም መንገድ ትላለች» ብለው መለሱና ገቡ።

ከዚያ ወዲህ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠርቻለሁ፤ ብዙ ጉባኤ፣ ብዙ ኮሚቴ፣ መንግሥትም ሲለወጥ አይቻለሁ። የተለወጠው የሚሳፈሩት ሰዎች ማዕረግ ነው። አንድ ሥራ ለመነሣት ባሌስትራው ከፍ ብሎ ባየሁ ቁጥር ሜዳው ዳር ማን እንደቆመ ዞር ብዬ መመልከት ልማድ ሆኖብኛል።

የተሳፈሩት ወዲያው ቢነሡ ኖሮ እኔም ወደ መስመሬ እመለስ ነበር። አልተነሡም። አለቃው ‹በመስኮት በኩል የምቀመጥ እኔ ነኝ› አሉ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሹም ደግሞ መስኮቱ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን አስረዱ። ክርክሩ በየማዕረጉ ቅደም ተከተል ተከፈተ። ነገረ ፈጁ ሁለቱንም ወገን ወክለው ይናገሩ ጀመር። ነጋዴው መሪው ላይ ክንዱን ደገፍ አድርጎ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ክርክር ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ ስለማይታወቅ፣ ገመዴን ጠቅልዬ ወደ ቤት ሄድሁ።

እትዬ ግቢው ውስጥ ነበሩ። በቅሎዋ ከአጥሩ ታስራለች፤ ኮርቻው ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ከሸበል ለጥምቀት የመጡ ዘመዶቻቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ለመሄድ በር ላይ ቆመዋል።

«ፊታውራሪ ተጫኑ፣ እትዬ።»

«ብቻቸውን?»

«ሁሉም።»

እትዬ አልተገረሙም። «እናስ?»

«መቅደም አይችሉም። ያለ ጥርጥር።»

«ሮጡ?»

«ገና ናቸው። ማን በመስኮት በኩል ይቀመጥ በሚለው ላይ ናቸው።»

«እስኪሮጡ ድረስ በቅሎዋ የማን ናት?»

ጥያቄው የፊዚክስ አልነበረም፤ መልሱን ግን አውቀው ነበር። «የእርስዎ ናት።»

«እንግዲያው ኮርቻውን አቀብይኝ» አሉ።

ጫንናት። ዘመዶቻቸው ደግፈው አስቀመጧቸው፤ ያመመው ጉልበታቸው ላይ ጋቢ ደረብሁላቸው። የአጥሩን በር ሲወጡ ልጓሙን ሳብ አድርገው፣ «ወንድሜን፣ ‹ተሸንፈሃል ሳይሉህ ነው የሄደችው› በይልኝ፤ የሕግ ሰው ስለሆነ ይገባዋል» አሉኝ።

ወደ ሜዳው ስመለስ መስኮቱ ለአለቃው ተፈርዶ ነበር። ጥላቸው ስለማይታጠፍ በመስኮቱ ወጥቶ ሜዳውን ያመለክታል። የመነሻውን ጥይት እንዲተኩስ የታዘዘው የፊታውራሪ አሽከር ራሱ ላንድሮቨሩ ውስጥ በመሆኑ፣ ጥይቱ የተተኮሰው ከሾፌሩ ጆሮ አጠገብ ነው። ነጋዴው በጥይቱ ተነሣ። ሾፌሩ የተነሣው ጆሮው ሲመለስለት ነው።

ከመስመሬ ላይ ሆኜ ያየሁት ይህ ነው። ፒክአፑ ከሩቅ ትንሽ የነበረው እየተለቀ፣ ድምፁ እየቀጠነ መጥቶ በአጠገቤ አለፈ። ከኋላው ሰባ ሰባት ፈረስ በአንድ ላይ ሲያቃስት ይሰማል። ላንድሮቨሩ ባሌስትራው ተቀምጦ፣ ኮፋኖው ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ ጥላውን እያውለበለበ በግርማ ይመጣል፤ ከፍጥነቱ የተነሣ ሳይሆን ከክብደቱ የተነሣ ምድሪቱ ትንቀጠቀጣለች። ሕዝቡ እልል አለ። እልልታው ለተሸነፈው ነው፤ ክቡራኑ በፊቱ ሲያልፉ ዝም ብሎ የቆመ ሕዝብ እንዲባል ማንም አልፈለገም።

ፊታውራሪ ከጋቢናው ወርደው ካባቸውን ሲያራግፉ ነጋዴው የፊት መስታወቱን እየወለወለ ነበር።

«ይህ መቅደም አይባልም» አሉት። «አንተ ማንን ይዘህ ነው የቀደምኸው? የደረሰ ሰው የለም። ባዶ ነው የደረሰው።»

ነጋዴው እጅ ነሣ። «ልክ ነው፣ ጌታዬ። ባዶ ነኝና ባዶ በቅሎ ይበቃኛል። ሳትጫን ይስጡኝ።»

ፊታውራሪ ዋስ ነበሩ። ከጢማቸው ሥር ጥቂት ከታገሉ በኋላ «ስጠው» አሉ ነገረ ፈጁን። ሁላችንም ወደ ቤት መጣን፤ ክቡራኑ በላንድሮቨሩ፣ ነጋዴው በፒክአፑ፣ ሕዝቡና እኔ በእግራችን። አጥሩ ላይ የቀረው ገመዷ ነበር።

«የታለች?» አሉ ነገረ ፈጁ።

«እትዬ ይዘዋት ሄዱ» አልሁ። «ሸበል። የሄዱት ‹ተሸንፈሃል› ሳይሉዎት ነው፤ የሕግ ሰው ስለሆኑ ይገባዎታል ብለዋል።»

ነገረ ፈጁ አፋቸውን ከፈቱ፤ የሕጉን ነጥብ አገኙትና መልሰው ዘጉት። ፊታውራሪ ወደ ሾፌሩ ዞሩ።

«ተከትለህ አምጣት።»

«መንገድ የለም፣ ፊታውራሪ። ከከተማው እንደወጣሁ ገደል ነው። እዚያ የሚሄደው በቅሎ ብቻ ነው።»

ሁለቱ መኪኖች በር ላይ ቆመው ያጓራሉ። አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት የፈረስ ጉልበት በአንድ ደጃፍ ተሰብስቦ ነበር፤ ጉልበቷን ያመማት አሮጊት የተቀመጠችባትን አንዲት በቅሎ የሚያመጣ ግን አልተገኘበትም። ነጋዴው ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ያየው ይመስለኛል። ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «እኔ አልቸኩልም። በቅሎዋ እስክትመጣ መያዣ ይሰጠኝ» አለ።

«ምን መያዣ?» አሉ ነገረ ፈጁ።

«ፈረስ አለዎት ብለውኛል።»

ነገረ ፈጁ ፊታውራሪን አዩ። ፊታውራሪ ሰማዩን አዩ።

የጥምቀቱ ፈረስ ጌጡ እንዳማረበት ከጋጣው ወጣ። እስከ ሞጣ ድረስ የሚጋልበው ስለሌለ በጠረጴዛና በሳንቃ መወጣጫ ተሠርቶለት ፒክአፑ ላይ ወጣ፤ በገመድ ግራና ቀኝ ታሰረ። ኀምሳ አምስቱ ፈረስ አንዱን ፈረስ ተሸክመው ሲነሡ፣ እርሱ ፊቱን ወደ ቢቸና መልሶ ጆሮውን አቁሞ ይመለከተን ነበር። ነገረ ፈጁ እስኪሰወር ድረስ ቆመው ሸኙት።

በቅሎዋን ሊያመጡ የሄዱት በእግራቸው ነው። የተመለሱት ከብዙ ቀን በኋላ፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ ያለ በቅሎ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ውኃ አቀረብሁላቸው።

«ደረሱላት?» አልሁ።

«ደረሱላት። እትዬ በገቡ ማታ ነው ምጡ የመጣው። አስቸግሯት ነበር አሉ። ሴት ልጅ ናት። ደኅና ናት፤ እናቲቱም ደኅና ናት።» ውኃውን ጠጡ። «ዕቅፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ምንም አትመዝንም።»

«በቅሎዋስ?»

«ሕፃኗ ክርስትና እስክትነሣ አልንቀሳቀስም አሉኝ። ሴት ልጅ ደግሞ ሰማንያ ቀን ነው። ቢሆንም ‹በቅሎዋ ትሰጠኝ፤ ቃሌ ነው› ብዬ ተከራከርሁ። ‹ያገባኸው አንተ፤ የጫንኸውም አንተ፤ ክፈል› አሉኝ። ሽማግሎቹም ተቀምጠው ሰው የራሱ ያልሆነውን አያገባም ብለው ፈረዱ። ፈረሱ እዚያው ሞጣ ይቀራል።»

እግራቸውን እያሹ የሆነ ነገር ሲያሰሉ አየኋቸው።

«አስተማሪ፣ እርስዎ ያሏቸው ሃያ ስድስት ፈረሶች ቢኖሩን ኖሮ በእርግጥ እንቀድም ነበር?»

«በእርግጥ» አልሁ። «ቀኛዝማች ወንድማቸውን ካልጠሩ።»

እትዬ የተመለሱት ክርስትናው ካለፈ በኋላ ነው። ከተማው መግቢያ ድረስ ሄጄ ስጠብቃቸው ነገረ ፈጁ ቀድመውኝ ቆመዋል። ከዚያ ወዲህ ችሎት የሚመላለሱት በእግራቸው ነበር፤ በምንም ነገር ላይ በቅሎ ሲያገቡም አልሰማሁም። በቅሎዋ ቀስ እያለች ዳገቱን ወጣች። ነገረ ፈጁ ቀረቡና፣ እንደ አሽከር ልጓሙን ይዘው ከፊት ከፊት ይመሩ ጀመር። ፊታውራሪ ከደጃቸው ሆነው ይመለከቱ ነበር፤ ነገረ ፈጁም እርሳቸው እንዳያዩዋቸው እርምጃቸውን ፈጠን አደረጉ።

እትዬ ከኮርቻው ላይ ጎንበስ አሉ። «ቀስ በል» አሉት። «አንሽቀዳደምም።»